ልጁን ከበር መልስ

ድሮ በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል በአራሚነት እሠራ ነበር። አንድ ረቡዕ ጠዋት ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው በራችን ላይ ቆሙ። ጋዜጣችን ተጣጥፎ መቀነታቸው ውስጥ ተሸጉጧል።

«የእኔን ነገር የጻፍከው አንተ ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ እኔ አራሚው ነኝ።»

«ታዲያ ምኑን አረምከው?»

ልጅቷ ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ጣቷን አንዲት ፊደል ሥር አኖረች። ሰባት ዓመት ስለፈጀ የቤት ክርክር የተጻፈች የአራት መስመር ዜና ናት። ፍርድ ቤቱ ለእናትየዋ ፈርዶላቸዋል፤ ጋዜጣው ግን «ፈረደባቸው» ይላል። «ላ» መሆን የነበረባት ፊደል «ባ» ሆና አምልጣኛለች። ያን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈርሜበት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ «አይዞዎት» ሊላቸው እየመጣ ቡና ሲያስፈላቸው ሰንብቷል፤ ተከራዩም ኪራዩን ለማን እንደሚከፍል ግራ ገብቶት ዝም ብሏል።

ይህ የቋንቋችን ጠባይ ከዚያን ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ግሡ ያው፣ ዳኛው ያው፣ ችሎቱም ያው ነው፤ ለማን ወይም በማን ላይ እንደሆነ የምትናገረው በግሡ ጭራ አካባቢ የተሸጎጠች አንዲት ፊደል ናት። መጣልኝ፣ መጣብኝ። ተነሣልኝ፣ ተነሣብኝ። ዘነበልን የሚለው ገበሬ ዘሩን በትኖ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የሰነበተው ነው፤ ዘነበብን የሚለው ጤፉን አጭዶ አውድማ ላይ ያፈሰሰው ነው። ዝናቡን ራሱን «ደግ ነህ ወይስ ክፉ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው መቼና የት እንደወረደ ነው።

እኚያን እናት እንደገና ያስታወሰኝ የአንድ ወዳጄ የላቦራቶሪ ወረቀት ነው። ወዳጄ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። ድካሙን የሥራ ነው እያለ ከርሞ ድዱ መድማት ሲጀምር ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ከመቅኔው ናሙና ተወሰደ፤ አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር ነው ተባለ። ወረቀቱ ላይ ከተደረደሩት ፊደላትና ቁጥሮች መካከል «ኤን.ፒ.ኤም.1» የሚል አለ፤ ከጎኑ «ተለውጧል» የሚል ቃል። ሐኪሙ ይህን እያሳየው «አብሮት ሌላ ክፉ ለውጥ እስከሌለ ድረስ ይሄኛው ከሌሎቹ ይሻላል» አለው። ማታ ደወለልኝና «አንተ ፊደል ለቃሚ፣ ይቺን ደግሞ ልቀምልኝ» አለኝ። ስለቅም ሰነበትኩ።

ሕዋስ ፕሮቲኑን የሚሠራበት መኪና ራይቦዞም ይባላል። መኪና ስል የስፌቱን ዓይነት አስቡ፤ የታዘዘለትን ልክ እያነበበ፣ ክሩን እየሳበ የሚሰፋ። የሰው ራይቦዞም ከ4 የአር.ኤን.ኤ ሰንሰለቶችና ከ80 ገደማ ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው መኪና ራሱ ከፕሮቲን መሠራቱ ለፈላስፋ ጥሩ የራስ ምታት ነው፤ እዚህ አልገባበትም። ገጣጣሚዎቹ ደግሞ ከ200 በላይ ናቸው። ይሸከማሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ያቀብላሉ፤ ሥራው ሲያልቅ አብዛኞቹ እዚያ አይገኙም፤ ሕንፃው ሲጠናቀቅ የባሕር ዛፉ መወጣጫ ፈርሶ እንደሚሄደው። ኤን.ፒ.ኤም.1 በተባለው ጂን የሚሠራው ፕሮቲን፣ ስሙ ኑክሊዮፎስሚን፣ ከእነዚህ ሠራተኞች አንዱ ነው።

የሚሠሩበት ቦታ በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ያለ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ኒውክሊዮለስ ይሉታል። በር የለውም፣ ግድግዳ የለውም። ወጥ በስሎ ሲሰክን ቅባቱ ላዩ ላይ ክብ ክብ እየሠራ እንደሚሰበሰብ፣ ይህም ሳይከለል በራሱ ተሰብስቦ የቆመ ጠብታ ነው። ጠብታውን ጠብታ አድርገው ከሚያቆዩት አንዱ ኑክሊዮፎስሚን ነው፤ አምስት አምስት እየሆነ ተያይዞ፣ በጭራው ደግሞ የቤቱን ሰዎች ጨብጦ። ታዲያ ቤት ጠባቂ ብቻ አይደለም። የራይቦዞሙን ክፍሎች ወደ ውጭ ይሸኛል፤ ሸኝቶም ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው መውጣትና መግባት ነው።

ይህ ጥቁር ነጥብ በካንሰር ሕዋስ ውስጥ ሲተልቅና ቅርጹ ሲዛባ ጁሴፔ ፒያኔዜ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። (የአገሩ ጦር ዓድዋ ላይ በተመታበት ዓመት እሱ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ነበር፤ ሁለቱ ነገሮች ምንም ግንኙነት የላቸውም፤ ግን ያን ዓመተ ምሕረት ሳነብ ዓይኔ ሳይቆም አላለፈም።) ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም። ሳያቋርጥ የሚባዛ ሕዋስ ብዙ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ብዙ ፕሮቲን ብዙ ራይቦዞም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወርክሾፑ ይሰፋል። ኋላ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ይህን ነጥብ በብር ቀለም እየነከሩ መቁጠር ጀመሩ። ብሩን ከሚይዙት ፕሮቲኖች ዋነኞቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ኑክሊዮሊን፣ ሌላው ይኸው የእኛ ኑክሊዮፎስሚን።

ስለዚህ ለረጅም ጊዜ እንደ ጭስ ነበር የታየው። ጭስ ካለ እሳት አለ ይባላል እንጂ ጭሱን የሚከስ የለም። በጨጓራ፣ በአንጀት፣ በሌላም ስፍራ በበቀለ ዕጢ ውስጥ በብዛት ተገኘ ቢባል፣ «ሥራ በዝቶበት ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 ነገሩ ተገለበጠ። ፔሩጂያ በምትባለው የጣሊያን ከተማ ብሩናንጄሎ ፋሊኒና ባልደረቦቹ የደም ካንሰር በሽተኞችን ናሙና ኑክሊዮፎስሚንን ብቻ ለይቶ በሚያቀልም ዘዴ እየነከሩ ያዩ ነበር። ቀለሙ መታየት ያለበት መሐል ላይ፣ አስኳሉ ውስጥ ነው። በበርካታ በሽተኞች ግን ቀለሙ ከአስኳሉ ወጥቶ በዙሪያው ፈስሶ ተገኘ። ከ591 በሽተኞች በ208ቱ፣ ማለት ከሦስት ሰው በአንዱ ያህል፣ ፕሮቲኑ ቤቱ የለም። በሌሎች የካንሰር ዓይነቶች ሲፈልጉት ይህ አልታየም። የጂኑን ጽሑፍ ገልጠው ያነበቡት ከዚህ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጠፋው ልጅ ታየ፤ ደብዳቤው ቆይቶ ተነበበ።

ደብዳቤው የሚለው እንዲህ ነው። የጂን ጽሑፍ አራት ፊደላት ብቻ ያሉት፣ ክፍተት የሌለው፣ ሦስት ሦስት እየተደረገ የሚነበብ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ ልሞክረው። «ልጁንከበርመልስ» ተብሎ ተያይዞ ተጽፏል እንበል። ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ስታነቡት «ልጁን ከበር መልስ» ይላል። አሁን ገልባጩ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት አራት ፊደል፣ «ንከበር» የምትለዋን፣ ደግሞ ጻፋት። «ልጁንከበርንከበርመልስ» ሆነ። አንባቢው ሞኝ ስለሆነ አሁንም ሦስት ሦስት ብቻ ነው የሚያነበው፦ ልጁን፣ ከበር፣ ንከበ፣ ርመል፣ ስ። መጀመሪያው ደኅና ነው። ልጁም አለ፣ በሩም አለ። የጠፋው «መልስ» የሚለው ቃል ነው።

በወዳጄ መቅኔ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። በጂኑ መጨረሻ ገደማ አራት ፊደላት፣ ቲ፣ ሲ፣ ቲ፣ ጂ፣ ተደገሙ። በዚህ በሽታ በብዛት የሚታየው ይኸኛው ድግግሞሽ ነው። ፕሮቲኑ 294 አሚኖ አሲድ ርዝመት የነበረው 298 ሆነ። እስከ 287ኛው ድረስ አንድም የተነካ ነገር የለም፤ የመጨረሻዎቹ 7 ብቻ ሄደው በምትካቸው 11 እንግዶች ገቡ። ከሄዱት ሰባት መካከል ትሪፕቶፋን የተባሉ ሁለት አሉ፤ ፕሮቲኑን ከቤቱ ጋር አስረው የሚያቆዩት እነሱ ነበሩ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፣ በእኔ ምሳሌ «ንከበ ርመል» ትርጉም የለሽ ሲሆን እዚያ ግን በአጋጣሚ የገባው ጭራ ትርጉም ነበረው። ኤክስፖርቲን የተባለው የአስኳሉ አስወጪ ጭራውን አንብቦ «ይሄ የሚወጣ ነው» ይላል። ያስወጣዋል። ቢመለስ እንኳ መልሶ ያስወጣዋል።

እንግዲህ ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች የተበላሸው አንዱ ነው። ሌላው ትክክለኛ ኑክሊዮፎስሚን መሥራቱን ቀጥሏል። ለምን ይህ አይበቃም ቢባል፣ ፕሮቲኑ አምስት አምስት እየሆነ እንደሚያያዝ ከላይ ብያለሁ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል። የተሳሳተው ጤነኛውን እየጎተተ ይዞት ይወጣል። ሁለቱም ቅጂዎች ጨርሰው ቢጠፉ ግን ሕዋሱ አይሆንለትም፤ ጂኑ ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው የአይጥ ጽንሶች ሳይወለዱ ይሞታሉ። ሕመሙ የሚኖረው በቀረው ጤነኛ ላይ ተደግፎ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ያን ሁሉ ቀን የቆምኩት። አርስቶትል ለነገር ሁሉ የተፈጥሮ ቦታ ሰጥቶት ነበር፤ ድንጋይ ቦታው ታች ስለሆነ ይወድቃል፣ እሳት ቦታው ላይ ስለሆነ ይወጣል። ቦታውን ካወቅህ ነገሩን አወቅህ። ኑክሊዮፎስሚን ለዚህ ትምህርት አስቸጋሪ ተማሪ ነው። ቦታው ኒውክሊዮለስ ነው እንዳይባል ጤነኛውም ይወጣል፤ መውጣት ሥራው ነው። በጤነኛውና በታማሚው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ግሥ ብቻ ነው፤ መመለስ። የፕሮቲኑ ማንነት በያዘው ስፍራ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ነው የተጻፈው ልበል? ብል ደስ ይለኛል፤ ግን ትንሽ ቆይቼ እንደማየው ይህም አይበቃም።

በዚህ መሐል ብዕሬ ወዴት ሊሄድ እንደሚፈልግ አውቄበታለሁ። ከቤቱ የወጣ፣ ያልተመለሰ፣ ወንድሙን የጎተተ… የሚደውልልኝ ወዳጄ ራሱ ከአገር ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። ይህን ምሳሌ ወደ ሰው መጎተት ነውር ነው። ሰው ወጥቶ የሚሠራው ሌላ ቤት አለው፤ ፕሮቲን የለውም። ስደተኛውን ከበሽታ ጋር ያመሳሰለ ጽሑፍ በዓለም ላይ ምን እንዳደረገ ስለምናውቅ እዚሁ ላይ ልተወው።

መንገዱ አይበቃም ያልኩት በሌላው ጎን ሌላ ታሪክ ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ፣ ኤም.አይ.ቲ. ውስጥ፣ ዘብራፊሽ በምትባል ባለመስመር ትንሽ ዓሣ ላይ ምርምር የሚያደርጉ ሰዎች በገንዳቸው ውስጥ አንዳንዶቹ ዓሦች ዕጢ እያወጡ መሆኑን አዩ። የብዙዎቹን ጥፋት ሲፈልጉ ያገኙት ያልጠበቁትን ነው፤ የራይቦዞም ፕሮቲኖችን ከሚያዙት ጂኖች በአንዱ ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ተበላሽቷል። የመኪናው ዕቃ በዝቶ ሳይሆን አንሶ ነው ካንሰር የመጣው። ሰው ላይም አለ። ዳይመንድ-ብላክፋን የሚባለው የልጆች የደም ማነስ፣ በመጀመሪያው የልደት ዓመት የሚገለጠው፣ ከራይቦዞም ፕሮቲን ጉድለት እንደሚመጣ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ለመሥራት አቅም ያጡት እነዚህ ልጆች ካደጉ በኋላ ከሌላው ሰው ይልቅ ለካንሰር የተጋለጡ ናቸው። ዊልያም ዳሜሼክ የተባለው የደም ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 እንቆቅልሽ አድርጎ የተወው ይህንኑ ነበር፤ ሕዋስ መሥራት ያቃተው መቅኔ እንዴት ዞሮ ያለልክ የሚያመርት ይሆናል?

የመልሱ አንድ ክፍል ደስ የሚል ነው፤ ደስ ማለቱ ስለ አሠራሩ ነው እንጂ ስለ ሕመሙ አይደለም። የራይቦዞም ግንባታ ሲሰናከል ተሠርተው ሥራ ያጡ ዕቃዎች ይተርፋሉ። ከእነሱ መካከል አር.ፒ.ኤል.5 እና አር.ፒ.ኤል.11 የተባሉት ሁለቱ ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ሄደው ኤም.ዲ.ኤም.2 የሚባለውን ይይዙታል። ኤም.ዲ.ኤም.2 ማለት ፒ53 የተባለውን ዘበኛ ዕለት ዕለት እያስወገደ አንገቱን የሚያስደፋው ነው። ኤም.ዲ.ኤም.2 ሲያዝ ፒ53 ቀና ይላል፤ ሕዋሱን ያቆመዋል ወይም ይገድለዋል። ግንበኛው ሥራ ሲፈታ ደወል ደዋይ ሆነ ማለት ነው። ደም መሥራት ያቃተው መቅኔ ውስጥ ይህ ደወል ቀንና ሌሊት ይጮኻል፤ ሰሚዎቹ ሕዋሳት እየሞቱ ያልቃሉ። አንድ ቀን ደግሞ ጆሮው የደነቆረ ሕዋስ ይወለዳል። ሰሚ በሞተበት ሰፈር ደንቆሮው ብቻውን ይባዛል።

የወርክሾፑ ሥራ ሲበዛ ዕጢ ውስጥ ይገኛል፤ ሲያንስ ዕጢ ያመጣል፤ ሠራተኛው ሳይበዛም ሳያንስም ከቤቱ ሲጠፋ ሉኬሚያ ይሆናል። ተመራማሪዎች ጂኖችን በሁለት ዓምድ የሚከፍል ልማድ አላቸው፤ በዚህ ካንሰር አምጪ፣ በዚያ ካንሰር ከልካይ። ኑክሊዮፎስሚንን በሁለቱም ዓምድ ጽፈውት አንብቤአለሁ፤ አንዳንዱ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ። ይህን ሳይንስ መወላወሉ ነው ብሎ የሚስቅ ይኖራል። እኔ ግን ፈረደለትና ፈረደበት በሚል ቋንቋ ያደግሁ ስለሆንኩ አላስገረመኝም፤ የገረመኝ ዓምዶቹን ማን እንዳሠመራቸው ነው።

ከቤቱ የወጣው ፕሮቲን ሕዋሱን ምን ያደርገዋል ለሚለው የተገኘው መልስ ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ሆክስ የሚባሉ ጂኖች አሉ፤ ደም ገና ለጋ ሳለ የሚናገሩ፣ ሲበስል ዝም የሚሉ። በእነዚህ ሉኬሚያዎች ዝም አይሉም። ሕዋሱ ሽማግሌ መሆን ሲገባው ልጅ ሆኖ ይቀራል፤ ልጅ ሆኖም ይባዛል። ሎሬንዞ ብሩኔቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ሥራ ላይ ከሁሉ የበለጠ የወደድኩት ጥያቄያቸው ቀላል መሆኑን ነው፤ ብንመልሰውስ? የመውጣቱን ትእዛዝ ከጭራው ላይ ቆረጡት፤ በሌላ ሙከራ ደግሞ አስወጪውን በመድኃኒት ያዙት። ፕሮቲኑ አስኳሉ ውስጥ ቀረ። ጭራው የቀድሞው ጭራ አይደለም፤ ያ የቀድሞ «መልስ» አልተመለሰለትም፤ ብቻ በሩ ተዘጋበት፣ ወይም ተዘጋለት። ሆክሶቹ ዝቅ አሉ። ሕዋሳቱ መብሰል ጀመሩ።

ለበሽተኛ እጅ የደረሰው መድኃኒት ግን በዚያ በር አልመጣም። ሆክሶቹን ሲያናግር የሚኖረውን ሜኒን የተባለ ሌላ ፕሮቲን የሚይዝ ነው፤ ሬቩሜኒብና ዚፍቶሜኒብ የተባሉት እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ ይህ ሉኬሚያ አገርሽቶባቸው ወይም አልድን ብሏቸው ለቆዩ በሽተኞች ተፈቅደዋል። ወዳጄ እነሱን አልወሰደም። በተለመደው ኬሞቴራፒ ፀጉሩ ረገፈ፣ አፉ ቆሰለ፣ ሽሮ አስጠላው (ይህን ሲነግረኝ ነው በእርግጥ መታመሙን ያመንኩት) ከዚያ ደሙ እየተመለሰ መጣ።

አሁን በየሦስት ወሩ ይሄዳል። የሚፈልጉት ያችኑ አራት ፊደል ነው። ትርፍ ፊደላቱን የያዘ መልእክት በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ስለማይጠበቅ ምልክትነቷ አታሻማም፤ ከ10 ሺህ ሕዋሳት መካከል አንድ የተሳሳተ ሕዋስ ቢኖር እንኳ ዘዴው ይይዘዋል። ከመቅኔው ይቀዳሉ፣ ይቆጥራሉ።

የእናትየዋ እርማት ቅዳሜ ወጣ፤ በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል። ማክሰኞ ተመልሰው መጡ። እኔ ለምስጋና መስሎኝ ተነሥቼ ወንበር ሳብኩላቸው። አልተቀመጡም።

«እርማቱን ልጅቷ አነበበችልኝ» አሉ። «ያኛው ጋዜጣ ግን ስንት ነበር የታተመው?»

«አምስት ሺህ ነው እማማ።»

«ስንቱ ተመለሰ?»

አንዱም አልተመለሰም። ግማሹ ያን ጊዜ የኦቾሎኒ መጠቅለያ ሆኖ ይሆናል፤ ግማሹ በየሰው ቤት፣ በየፍራሹ ሥር ነበር። ወዳጄ ከምርመራ ሲመለስ ሲደውልልኝ ሰላምታ ሳንለዋወጥ «ስንት ቅጂ?» እለዋለሁ። ያለፈው ሐሙስ ናሙናውን ሰጥቷል፤ ውጤቱን ሰኞ ይነግሩታል።